ጥያቄው ከምክር ቤት፣ መልሱ ከመዝገብ ቤት

የሕዝብ ተወካዮች አስፈጻሚውን አካል የመጠየቅ መብት በብዙ አገሮች ሕገ መንግሥቶችና የአሠራር ደንቦች ውስጥ ሰፍሯል። መብቱ በወረቀት ላይ መስፈሩ ግን ለሚነሣው ጥያቄ ሁሉ በቂ መልስ ይገኛል ማለት አይደለም። አንድ የምክር ቤት አባል ሲጠይቅና አንድ ሚኒስትር ሲመልስ ለሕዝብ የሚታየው የሁለት ፖለቲከኞች ክርክር ነው። መልሱ እውነተኛ፣ የተሟላና ወቅቱን የጠበቀ እንዲሆን የሚያደርገው ሥራ ግን ከአዳራሹ ውጪ፣ በየመሥሪያ ቤቱ የሥራ ክፍሎችና መዝገብ ቤቶች የሚከናወን ነው።

ይህ እውነታ ከማዕከላዊ መንግሥት ሥልጣን በተላለፈላቸው መንግሥታት ዘንድ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ምክንያቱም በእነዚህ መንግሥታት አንድ የሕዝብ አገልግሎት በማዕከላዊው መንግሥት፣ በአካባቢው መንግሥትና ከእርሱ በታች ባሉ ምክር ቤቶች መካከል ተከፋፍሎ ስለሚገኝ ጠያቂው ትክክለኛውን በር ለማግኘት፣ ተጠያቂውም ወደ ሌላ በር ለማመልከት ሰፊ ዕድል አላቸው። በዩናይትድ ኪንግደም ውስጥ የሚገኙት ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያካበቱት ልምድ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ የአገራችን መሆኑ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥልጣኑ የማን ነው?

የስኮትላንድ ሕዝብ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1997 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ የራሱ ፓርላማ እንዲኖረው ድምፁን ሰጥቷል። ይህንኑ ተከትሎ የዩናይትድ ኪንግደም ፓርላማ በ1998 የስኮትላንድ አዋጅን አጸደቀ። የመጀመሪያው ምርጫ ሜይ 6 ቀን 1999 ተካሂዶ፣ ፓርላማው ጁላይ 1 ቀን 1999 ሥልጣኑን በይፋ ተረከበ። ፓርላማው 129 አባላት ሲኖሩት 73ቱ ከምርጫ ክልሎች፣ 56ቱ ደግሞ በተመጣጣኝ ውክልና የሚመረጡ ናቸው።

አዋጁ የስኮትላንድን ሥልጣን አንድ በአንድ አልዘረዘረም። የዘረዘረው ለለንደን የተጠበቁትን ጉዳዮች ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል የውጭ ግንኙነት፣ መከላከያ፣ ኢሚግሬሽንና ገንዘብ ይገኙባቸዋል። ከዝርዝሩ ውጪ የሆኑት እንደ ጤና፣ ትምህርት፣ ፍትሕ፣ ግብርና እና የአካባቢ አስተዳደር ያሉት ጉዳዮች የስኮትላንድ ናቸው። ተመሳሳይ አቀራረብ በኢፌዲሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 ላይ ይገኛል፤ ለፌዴራሉ መንግሥት በተለይ ወይም ለፌዴራሉ መንግሥትና ለክልሎች በጋራ ያልተሰጠ ሥልጣን የክልል ሥልጣን እንደሚሆን ተደንግጓል። ሆኖም መሠረታዊ ልዩነት አለ። የክልሎቻችን ሥልጣን የሚመነጨው ከሕገ መንግሥቱ ሲሆን፣ የስኮትላንድ ፓርላማ ሥልጣን ግን የዩናይትድ ኪንግደም ፓርላማ ባወጣው አዋጅ ላይ የተመሠረተ ነው።

ይህ ክፍፍል በጥያቄ አቀራረብ ላይ ቀጥተኛ ውጤት አለው። በስኮትላንድ ፓርላማ የሚቀርብ ጥያቄ ተቀባይነት የሚያገኘው የስኮትላንድ መንግሥት ኃላፊነት በሆነ ጉዳይ ላይ ሲያተኩር ነው። በሌላ በኩል የለንደኑ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ኦክቶበር 25 ቀን 1999 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ለስኮትላንድ፣ ለዌልስና ለሰሜን አየርላንድ በተላለፉ ጉዳዮች ላይ ለለንደን ሚኒስትሮች ጥያቄ እንዳይቀርብ ገደብ አድርጓል። በመሆኑም ስለ አንድ የግላስጎው ሆስፒታል መጠየቅ የፈለገ የለንደን ምክር ቤት አባል ጉዳዩ ኤድንብራ እንዲነሣ መተው ይኖርበታል። በሩ አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ በዚያ በር የሚሰጠው መልስ ጥራት እጅግ ወሳኝ ይሆናል።

የመጠየቂያ መንገዶቹ

በስኮትላንድ ፓርላማ የቃል ጥያቄ የሚቀርብባቸው ቀናት በሳምንቱ ተደልድለዋል። ማክሰኞ በወቅታዊ ጉዳዮች ላይ፣ ረቡዕ እያንዳንዱ የካቢኔ አባል በሚመራው ዘርፍ ላይ፣ ሐሙስ ደግሞ በአጠቃላይ ጉዳዮች ላይ ጥያቄ ይቀርባል። ከዚያም ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ የቀዳሚ ሚኒስትሩ የጥያቄ ጊዜ ይጀመራል። ይህ ክፍለ ጊዜ ቀድሞ 30 ደቂቃ የነበረ ሲሆን ከ2016 ወዲህ ወደ 45 ደቂቃ ከፍ ብሏል።

በዚህ ጊዜ የተቃዋሚ ፓርቲ መሪዎች የሚያነሡት ርዕሰ ጉዳይ አስቀድሞ በአጀንዳው ላይ አይወጣም። ቀዳሚ ሚኒስትሩ በማናቸውም የመንግሥት ሥራ ላይ ሊጠየቁ ስለሚችሉ፣ ከእርሳቸው በስተጀርባ ያሉ ባለሙያዎች ከሆስፒታል ወረፋ እስከ መንገድ ጥገና ድረስ ያለውን መረጃ አዘጋጅተው መጠበቅ ይኖርባቸዋል። ክፍለ ጊዜው የሕዝብን ትኩረት የሚስብ ቢሆንም፣ ለምላሽ የተመደበው ጊዜ አጭር በመሆኑ ውስብስብ የፖሊሲ ጉዳዮችን እስከ ሥራቸው ለመመርመር አያስችልም።

ብዙ ትኩረት የማይስበው፣ በውጤቱ ግን የማይናቀው መንገድ የጽሑፍ ጥያቄ ነው። ማንኛውም አባል በማናቸውም የሥራ ቀን የጽሑፍ ጥያቄ ማስገባት ይችላል። መንግሥት በመደበኛነት በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ምላሽ መስጠት ይጠበቅበታል፤ በጊዜው ካልደረሰም ጊዜያዊ ምላሽ ሰጥቶ ሙሉውን በኋላ ያቀርባል። አንድ ዜጋ ከ2005 ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው የመረጃ ነፃነት ሕግ መሠረት ለሚያቀርበው ጥያቄ የተቀመጠው ጊዜ 20 የሥራ ቀናት ነው። ይህ ንጽጽር ለምክር ቤት አባል ጥያቄ የተሰጠውን ቅድሚያ ያሳያል።

የአሠራር ደንቡ በጠያቂው ላይም ግዴታ ይጥላል። ጥያቄው አጭርና ግልጽ መሆን፣ በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይን በሚመለከት የወጣውን ደንብ ማክበር፣ እንዲሁም ባለፉት 6 ወራት ለቀረበ ተመሳሳይ ጥያቄ የተሰጠን መልስ የማይደግም መሆን አለበት። ጥያቄው ደንቡን ማሟላቱን በቅድሚያ የሚመረምረው የፓርላማው ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ አለመግባባት ሲፈጠር የመጨረሻው ወሳኝ አፈ-ጉባኤው ነው። ጥያቄውም መልሱም ለሕዝብ ይፋ ይደረጋሉ።

ሦስተኛው መንገድ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴዎች ሚኒስትሮችንና የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን ለሰዓታት አስቀምጠው መጠየቅ ይችላሉ። ከዚህም በላይ የ1998ቱ አዋጅ አንቀጽ 23 ፓርላማው ምስክር እንዲቀርብና ሰነድ እንዲመጣ የማዘዝ ሥልጣን ሰጥቶታል።

ያልተሟላ መልስ እንዴት ይሰጣል?

የመጠየቂያ መንገዶች መብዛታቸው ብቻውን ተጠያቂነትን አያረጋግጥም። ከምክር ቤት አባላት ተደጋግሞ ቅሬታ የሚቀርብባቸው ሦስት ዓይነት መልሶች አሉ።

የመጀመሪያው የተጠየቀው መረጃ በማዕከል ተጠናቅሮ እንደማይገኝ የሚገልጽ ነው። ይህ መልስ ብዙ ጊዜ እውነትነት አለው። በስኮትላንድ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድሩት 32 የአካባቢ ምክር ቤቶች፣ ሆስፒታሎችን የሚያስተዳድሩት ደግሞ 14 የአካባቢ ጤና ቦርዶች በመሆናቸው እያንዳንዱ ቁጥር ኤድንብራ ላይ አይገኝም። ይሁን እንጂ መንግሥት ፖሊሲ ያወጣበትንና በጀት የመደበበትን ጉዳይ የሚመለከት መሠረታዊ መረጃ አለመያዙ በራሱ ሌላ ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። ፖሊሲው ያለ መረጃ እንዴት ተገመገመ?

ሁለተኛው ጉዳዩ የአፈጻጸም ጉዳይ በመሆኑ ተጠሪ ተቋሙን ጠይቁ የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ ኃላፊነቱን ወደ ለንደን የሚመልስ ነው። ሦስተኛው ዓይነት መልስ አንዳንድ ጊዜ አግባብ ቢሆንም ሥልጣን እየሰፋ በመጣ ቁጥር አሳማኝነቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ለምሳሌ ያህል ስኮትላንድ ከ2017 ጀምሮ በደመወዝና በመሰል ገቢዎች ላይ የሚጣለውን የገቢ ግብር ምጣኔና እርከን የመወሰን ሥልጣን አግኝታለች። ከዚያ ወዲህ ስለ ገቢ ማነስ የሚቀርብ ማንኛውም ማብራሪያ የኤድንብራን የራሷን ውሳኔ ጭምር ማካተት ይኖርበታል።

የሁለቱ መርከቦች ጉዳይ

የጥያቄና የመዝገብ ግንኙነት በተግባር የተፈተነው በሁለት የመንገደኞችና የተሽከርካሪ ማጓጓዣ መርከቦች ግዥ ላይ ነው። የስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች ነዋሪዎች ለሕክምና፣ ለገበያና ለትምህርት ወደ ዋናው ምድር የሚሻገሩት በእነዚህ መሰል መርከቦች ነው። መርከብ ሲቋረጥ የሱቅ መደርደሪያ ባዶ ይሆናል፤ የሐኪም ቀጠሮም ያልፋል።

በ2015 የስኮትላንድ መንግሥት ንብረት የሆነው የመርከብ ባለቤት ድርጅት፣ ፖርት ግላስጎው ከሚገኘው ፈርጉሰን ማሪን የመርከብ ገንቢ ድርጅት ጋር በ97 ሚሊዮን ፓውንድ የተቆረጠ ዋጋ ሁለት መርከቦችን ለማሠራት ውል ተፈራረመ። መርከቦቹ በ2018 ሥራ ይጀምራሉ ተብሎ ታቅዶ ነበር። ውሉ ግን አንድ ጎዶሎ ነበረው። ገንቢው ሥራውን ባያጠናቅቅ የተከፈለው ገንዘብ በሙሉ የሚመለስበት ዋስትና አልተያዘበትም። በአገራችን የግዥ አሠራር ከቅድመ ክፍያ ዋስትና ጋር የሚቀራረብ ጉዳይ ነው። ገዢው ድርጅት ሥጋቱን ለመንግሥት አሳውቆ የነበረ ቢሆንም ሚኒስትሮች ውሉ እንዲቀጥል አድርገዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ተከታታይ መዘግየት ነው። ግሌን ሳኖክስ የተባለው የመጀመሪያው መርከብ በኖቬምበር 2017 በሥነ ሥርዓት ወደ ውኃ ቢወርድም ሥራው ገና አልተጠናቀቀም ነበር። ገንቢው ድርጅት በኦገስት 2019 በኪሳራ ምክንያት በባለአደራ አስተዳደር ሥር ገባ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም መንግሥት ወረሰው። ግሌን ሳኖክስ መንገደኞችን ማመላለስ የጀመረው በጃንዋሪ 2025፣ ከታቀደለት ጊዜ 6 ዓመት ከሚበልጥ መዘግየት በኋላ ነው።

የፓርላማው አባላት በእነዚህ ዓመታት በቃልም በጽሑፍም ደጋግመው ጠይቀዋል። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ጎልቶ የወጣው አንድ ነበር፤ ሙሉ ዋስትና ሳይያዝ ውሉ እንዲፈረም የወሰነው ማን ነው? በምንስ ምክንያት? በማርች 2022 የስኮትላንድ ዋና ኦዲተር ባወጡት ሪፖርት የመርከቦቹ ወጪ ቢያንስ 240 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚደርስ አመለከቱ። ይህም ከመጀመሪያው ዋጋ ሁለት ዕጥፍ ተኩል ገደማ ነው። ከገንዘቡ እኩል ያነጋገረው ግን ሌላው ግኝት ነበር። ዋና ኦዲተሩ ሚኒስትሮች አደጋውን ለምን እንደተቀበሉ የሚያስረዳ በቂ የሰነድ ማስረጃ አላገኙም።

ይህ ግኝት በምክር ቤቱ ውስጥ የነበረውን ክርክር መልክ ለወጠው። እስከዚያ ድረስ ጥያቄው ውሳኔው ልክ ነበር ወይስ አልነበረም የሚል ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ግን ውሳኔው የት ተጻፈ ወደሚል ተሸጋገረ። በሜይ 2022 የወቅቱ የትራንስፖርት ሚኒስትር ለውሉ ይሁንታ መስጠታቸውን የሚያመለክት የኢሜይል መልእክት መገኘቱን መንግሥት አስታወቀ። መልእክቱ ማን እንደተስማማ አሳየ፤ አደጋው እንዴት እንደተመዘነ ግን ሙሉ በሙሉ አላብራራም።

የፓርላማው የሒሳብ ኦዲት ኮሚቴ የወቅቱን ቀዳሚ ሚኒስትር ኒኮላ ስተርጅንን ጨምሮ በርካታ ምስክሮችን ከሰማ በኋላ በማርች 2023 ሪፖርቱን ይፋ አድርጓል። ኮሚቴው ከተቻቸው ጉዳዮች መካከል የመዝገብ አያያዝ ይገኝበታል። በ2017 በቀዳሚ ሚኒስትሯና በገንቢው ድርጅት ባለቤት መካከል ለተደረገ ውይይት ቃለ ጉባኤ አለመኖሩም ተነሥቷል።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው የጥያቄ ጉድለት አለመኖሩ ነው። አባላቱ በተገቢው በር፣ በተገቢው ቋንቋ፣ በተደጋጋሚ ጠይቀዋል። ኮሚቴውም ምስክር የመጥራት ሥልጣን ነበረው። ይሁን እንጂ በ2015 በወረቀት ላይ ያልሰፈረን ምክንያት ከ7 ዓመት በኋላ የትኛውም ጥያቄ ሊያወጣው አልቻለም። ውሳኔው ትክክለኛ ምክንያት ነበረው ብሎ መከራከር የሚፈልግ ባለሥልጣን እንኳ የሚጠቅሰው ሰነድ አጥቷል። የመዝገብ ጉድለት ጠያቂውን ብቻ ሳይሆን ተጠያቂውንም የሚጎዳ መሆኑ የታየው በዚህ ነው።

የሰሜን አየርላንድ ትምህርት

ተመሳሳይ ችግር በሰሜን አየርላንድ መንግሥትን እስከማፍረስ ደርሷል። በ2012 የንግድ ድርጅቶች ከነዳጅ ይልቅ እንደ እንጨት ባሉ ታዳሽ የኃይል ምንጮች እንዲሞቁ ለማበረታታት የድጎማ መርሐ ግብር ተጀመረ። ለአንድ መለኪያ ኃይል የሚከፈለው ድጎማ ከማገዶው ዋጋ በልጦ ተገኘ። በተቀረው ብሪታንያ የነበረው ክፍያውን በእርከን የሚቀንስ ሥርዓትም አልተካተተም። በመሆኑም ብዙ ያነደደ ብዙ አተረፈ። የወጪው ጫና በወቅቱ እስከ 490 ሚሊዮን ፓውንድ ሊደርስ እንደሚችል ተገምቶ ነበር።

የምክር ቤቱ የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴ ጉዳዩን በ2016 መመርመር ጀመረ። ውዝግቡ ተባብሶ በጃንዋሪ 2017 ምክትል ቀዳሚ ሚኒስትሩ ማርቲን ማክጊነስ ሥልጣን ሲለቁ ጥምር መንግሥቱ ፈረሰ። ከዚያም ጉዳዩን የሚያጣራ ገለልተኛ መርማሪ ጉባኤ ተቋቋመ። በ2018 በጉባኤው ፊት የቀረቡት የሲቪል ሰርቪሱ ኃላፊ፣ የመረጃ ነፃነት ሕግ ሰነዶችን ለሕዝብ ያወጣል በሚል ሥጋት አንዳንድ ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ እንዳይያዝላቸው የሚደረግበት ልማድ እንደነበር ተናግረዋል። በማርች 2020 የወጣው የጉባኤው ሪፖርትም የመዝገብ አያያዝን ጨምሮ 44 የማሻሻያ ሐሳቦችን አቅርቧል።

መንግሥቱ ከፈረሰ በኋላ እስከ ጃንዋሪ 2020 ድረስ ለ3 ዓመታት የሚጠየቅ ሚኒስትር አልነበረም። መሥሪያ ቤቶቹን ያንቀሳቅሱ የነበሩት ቋሚ ጸሐፊዎች ናቸው። በ2017 የመሠረተ ልማት መሥሪያ ቤት ቋሚ ጸሐፊ በቤልፋስት አቅራቢያ የቆሻሻ ማቃጠያ ተቋም እንዲገነባ ፈቃድ ሰጡ። በሜይ 2018 ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ በጁላይ ደግሞ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ሚኒስትር በሌለበት የመንግሥት ሠራተኛው እንዲህ ያለውን ውሳኔ የመስጠት ሥልጣን እንደሌለው ወሰኑ። ከዚህ በኋላ ለንደን በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ ሠራተኞቹ በውስን ሁኔታ ውሳኔ እንዲሰጡ የሚያስችል ሕግ አወጣች። ተመሳሳይ ክፍተት ከኦክቶበር 2022 መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ 2024 ድረስ በድጋሚ ተፈጥሯል።

ከፍርዱ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። በምክር ቤት ፊት ቆሞ ስለ ውሳኔው የሚጠየቅ የፖለቲካ ኃላፊ ከሌለ፣ ትልልቅ የፖሊሲ ውሳኔዎች ሕጋዊ መሠረታቸው ይናጋል። የመንግሥት ሠራተኛው የምክር ቤት ጥያቄን እንደ ተጨማሪ ጫና ሊቆጥረው ቢችልም፣ ሠራተኛው በሙያው ብቻ እንዲሠራና የፖለቲካ ውሳኔ ሸክም እንዳይወድቅበት የሚከላከለው ይኸው የጥያቄ ሥርዓት ነው።

ለመሥሪያ ቤቶች ምን ማለት ነው?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢፌዲሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል መንግሥት ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራትና የአስፈጻሚውን አካል አሠራር የመመርመር ሥልጣን ሰጥቶታል። አንቀጽ 50 ደግሞ የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል መሆኑንና ተጠሪነቱም ለወከለው ሕዝብ መሆኑን ይደነግጋል። ሥርዓቶቹ የተለያዩ ቢሆኑም፣ በምክር ቤት ለተነሣ ጥያቄ ረቂቅ መልስ የሚያዘጋጅ ባለሙያ የሚገጥመው ፈተና ግን ተመሳሳይ ነው።

ከሁለቱ ተሞክሮዎች አራት ተግባራዊ ነጥቦችን መውሰድ ይቻላል። አንደኛ፣ የውሳኔው ይዘት ብቻ ሳይሆን ምክንያቱ፣ የቀረበው ተቃራኒ ምክርና ወሳኙ ማን እንደሆነ ውሳኔው በተሰጠበት ጊዜ መጻፍ አለበት። ከዓመታት በኋላ በትዝታ የሚቀርብ ማብራሪያ የመዝገብን ቦታ አይተካም። ሁለተኛ፣ መረጃው በሌላ ተቋም እጅ ከሆነ የትኛው ተቋም እንደያዘው መግለጽና ለሚቀጥለው ጊዜ የሚሰበሰብበትን መንገድ ማመቻቸት ተገቢ ነው። ሦስተኛ፣ የሥልጣን ወሰን መልስ ለመስጠት እንጂ መልስ ላለመስጠት መዋል የለበትም። ጉዳዩ ከፊሉ የሌላ አካል ቢሆንም የራስን ድርሻ ለይቶ ማስረዳት ይቻላል። አራተኛ፣ ለምክር ቤት የተሰጠ መልስ ስህተት ሆኖ ሲገኝ ሌላ ሰው እስኪያጋልጠው ሳይጠበቅ መታረም አለበት። በስኮትላንድ የሚኒስትሮች የሥነ ምግባር ደንብ ፓርላማውን እያወቀ ያሳሳተ ሚኒስትር ሥልጣኑን ለመልቀቅ ጥያቄ እንዲያቀርብ ይጠበቅበታል፤ ሚኒስትሩ ያነበበውን ረቂቅ ያዘጋጀው ባለሙያም ኃላፊነቱ የዚያኑ ያህል ከባድ ነው።

ምክር ቤቶች የሚጠይቁበትን ጊዜ ማራዘም፣ ኮሚቴዎችን ማጠናከርና ክርክሩን በቀጥታ ማሰራጨት ተጠያቂነትን ለማስፈን የሚረዱ እርምጃዎች መሆናቸው አያጠያይቅም። ሆኖም የደሴቶቹ ነዋሪዎች መርከባቸው ለምን እንደዘገየ በጠየቁ ጊዜ ወሳኝ ሆኖ የተገኘው ከዓመታት በፊት በአንድ ቢሮ ውስጥ የተጻፈ፣ ወይም ሳይጻፍ የቀረ አንድ ገጽ ማስታወሻ ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሚከፈተው ፋይል ነገ በምክር ቤት ለሚነሣው ጥያቄ መልስ ሆኖ እንደሚያገለግል በመገንዘብ መሥራት ከእያንዳንዱ የመንግሥት ሠራተኛና ኃላፊ ይጠበቃል።